በመዋጮ የሞላው ጠርሙስ

መቱ ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው እንግዳው የሚባለውን ሰው የእጅ ሥራ ሳያይ አያልፍም። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የጸጉር ቤቱ መቀስ፣ የልብስ ሰፊው ማሽን፣ ሁሉም የእሱ ናቸው። በሬው ፈገግ ያለ ነው። ባለሥጋ ቤቱ "ሊታረድ የቀረበ በሬ እንዴት ይስቃል?" ብለው ቢጠይቁት፣ "ታዲያ የሚያለቅስ በሬ ማን ይገዛዎታል?" አላቸው። እሳቸውም ነገሩ እውነት ሆኖ ስላገኙት ሒሳቡን ከፈሉት፤ በሬውም እስከ ዛሬ እየሳቀ አለ።

እንግዳው ታፔላ ጸሐፊ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከእናት ከአባቱ ጋር ተጭኖ ሲመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አፋን ኦሮሞውን ከአገሬው ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ለመደው፤ ብሩሹን ደግሞ መቱ ገብቶ ከአንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ተማረ። ኋላ ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጽሕፈት ወደ ቁቤ ሲዞር፣ ከከተማው ታፔላ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ "እኛ በዚህ ዕድሜያችን ላቲን?" ብለው ብሩሻቸውን ሰቀሉ። እንግዳው ግን ሁሩሙ ድረስ ሄዶ ገለኔ የምትባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ እንድታስተምረው ለመነ። ፊደሉን በሦስት ሳምንት ጨረሰ። ትምህርቱ ግን ሦስት ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹን ተቀብለው ያነጋገሩት የገለኔ ታላቅ ወንድም ጋሼ ቀጀላ ነበሩ። ጋሼ ቀጀላ የማር ነጋዴ ናቸው፤ የሁሩሙ እድርም ሰብሳቢ። እዚያ እድሩን አፎሻ ይሉታል። ሰው ሲሞት ድንኳን ያስተክላሉ፣ ሰው ሲታመም ቃሬዛ ያስነሣሉ፣ የባልቴቷ ጣራ ሲያፈስ ሣር ያስመጣሉ። የማንም ጎደሎ አይታለፋቸውም። "እኛ እያለን ሰው ይጎድልበታል?" የዘወትር ቃላቸው ነች። ያን ጊዜም ሽማግሌዎቹ ልጁ እናት አባቱ ካረፉ ወዲህ ዘመድ የለውም፣ ሰፋሪ ነው ብለው አንገታቸውን ሲደፉ፣ "ዘመድ የለውም ማለት ምን ማለት ነው? እኛ እያለን?" ብለው ቀን ቆረጡለት። እንግዳው ይህን እስኪሞት አይረሳውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የእንግዳው ሽንት ቀላ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሱ ግን ጥፍሩ ሥር ቀይ ቀለም የሌለበት ቀን የለምና "ከእጄ የነካ ነው" ብሎ አለፈው። እንደገና ቀላ፤ እንደገና ቀለም ነው አለ። እንዲህ እንዲህ ሲል ስድስት ወር ሄደ። በመጨረሻ ሳምንት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር አረንጓዴ ሲቀባ ሰንብቶ አሁንም ቀይ ቢያይ፣ ገለኔ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ከዚያ ጅማ ተላከ። ፊኛው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ካንሰር ነው ተባለ። ደግነቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ስለደረሱበት ሆዱን ሳይቀዱ በቀጭን መሣሪያ ጠርገው አወጡለት። ሐኪሙ "ሲጋራ ታጨሳለህ? ቀለምስ ትነካለህ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ "ሁለቱንም በአንድ እጄ ነው የምይዛቸው" አለ። ሲጋራውን የዚያኑ ዕለት ተወ። የብሩሹን ጫፍ በከንፈሩ እያሾለ መሥራቱንም፣ እያማጠም ቢሆን፣ ተወ።

ይህ በሽታ ግን ተመልሶ የመምጣት ዓመል አለው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ጅማ እየወረደ ፊኛውን በካሜራ መታየት ነበረበት። ካሜራው የሚገባው ደግሞ ሽንት በሚወጣበት በዚያው በኩል ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም ነበር፤ እንግዳው ግን ያብራራ ነበር። ከቀለሙ ይልቅ ወሬው ይደምቃል የሚሉት ሰው ነው፤ ይህን የመሰለ ወሬ እጁ ገብቶ እንዴት ዝም ይበል? ሰርግ ላይ ያወራዋል፣ ሠልስት ላይ ያወራዋል። "ቱቦው ይኼ የአትክልት ማጠጫው ነው፤ ኧረ እሱም ይቀጥናል!" ይላል በሁለት እጁ እየለካ። "መብራቱን አብርቶ ሲገባ፣ ብርሃኑ በአፌ በኩል ይወጣል ብዬ አፌን ከፈትኩለት።" ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ጋሼ ቀጀላም አብረው ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ግን ጉልበታቸውን ገጥመው ነበር።

እውነቱን ለመናገር እንግዳው ካሜራውን ይፈራዋል። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እህል አይበላለትም፤ ቀልዱም ያኔ ነው የሚበዛው። ገለኔ ይህን ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን አንስታበት አታውቅም።

አንድ ቀን የመቱ ሆስፒታል ነርስ ሲስተር ኢብሴ አስጠራችው። ኢብሴ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ነች።

"ጋሼ እንግዳው፣ አንድ ጥናት ተጀምሯል" አለችው። "በሽንት ብቻ ዕጢ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይቻል እንደሆነ የሚያይ።"

"በሽንት ብቻ? ያለ ቱቦ?"

"ያለ ቱቦ። አዩ፣ ዕጢ ያለበት ፊኛ እርጥበት እንደገባው ግድግዳ ነው። ቀለሙ ይላጣል፤ ቅርፊቱ ከሽንት ጋር ይወርዳል። ላቦራቶሪው የቅርፊቱን ዘረ-መል ያያል። ዘረ-መሉ ላይ የካንሰር ምልክት ካለ ይለየዋል። ከእርስዎ የወጣውን ዕጢም አይተውታል፤ ምልክቱን ያውቁታል። ውጤትዎ ንጹሕ ከሆነ፣ የጅማው ሐኪም ካሜራውን ወደ ዓመት አራዝምለታለሁ ብሏል።"

እንግዳው ሊስማት ምንም አልቀረው። ለሽንቱ ጠርሙስ ስታወጣለት፣ "ታዲያ ጠርሙስ ምን ያደርጋል፣ ጀሪካን ስጪኝ!" አለ።

ኢብሴ ጠርሙሱን ከነመክደኛው ሰጥታው ደጋግማ አስጠነቀቀችው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሁን። ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ እንዳያቀጥነው። እስከ መስመሩ ይሙላ፤ ከመስመሩ በታች ከሆነ አይቀበሉትም። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይድረስ፤ የበረዶ ሳጥኑን ይዞ የሚሄደው መኪና በወር አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው።

ያ ሐሙስ ደርሶ እንግዳውን ያገኘው ሁሩሙ ነው። የእድሩ አዲስ አዳራሽ አልቆ እሱ ግድግዳውን ይቀባ፣ ስሙን ይጽፍ ነበር፤ በርና መስኮቱን ደግሞ መሀመድ ሰዒድ ይገጥም ነበር። መሀመድ ሰዒድ አናጢ ነው፤ ከእንግዳው ጋር ከወሎ በአንድ መኪና የመጣ፣ ከወንድም ያልተናነሰ ጓደኛው። ሁለቱም ያደሩት ጋሼ ቀጀላ ቤት ነበር። ጠርሙሱን እንግዳው እንዳይረሳው ብሎ ጫማው ውስጥ አቁሞታል።

አለመታደል ሆኖ ሲነጋ ባዶ እግሩን ወጣ። ለአርባ ዓመት እንደለመደው ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ከቤቱ ጀርባ ወዳሉት የቡና ዛፎች ሄደ፤ እንደለመደውም ሰማይ ሰማይ እያየ ጀመረ። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጠርሙሱ ትዝ አለው። ይዞ፣ አንቆ፣ እየተንገዳገደ ወደ ቤት ሮጠ፤ ደርሶ የተረፈውን ጠርሙሱ ውስጥ ቢያደርገው ከታች ሁለት ጣት ያህል ሆነ። መስመሩ ሩቅ ላይ ነው።

"ኧረ ጉዴ!" ብሎ ጮኸ።

መሀመድ ሰዒድና ጋሼ ቀጀላ ሮጠው መጡ። "ማል ታኤ? ምን ሆነ?" አሉ ጋሼ ቀጀላ። እንግዳው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳቸው፤ መስመሩን፣ መኪናውን፣ ወሩን፣ ካሜራውን። ሽንቱ ከተላከ የካሜራው ቀጠሮ ውጤቱን ይጠብቃል፤ ይህ ካለፈ ግን በአሥራ አምስተኛው ቀን ጅማ ነው።

ውሃ ይጠጣ ተባለ፤ ኢብሴ ከልክላለች። ይጠበቅ ተባለ፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ጋሼ ቀጀላ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አንስተው መረመሩት፤ የማር ገምቦ ሲገዙ እንደሚያዩት ማለት ነው።

"የጎደለው ይቺው ነች?" አሉ።

"ይቺው ነች ጋሼ።"

"እኛ እያለን ታዲያ ሰው ሽንት ይጎድልበታል?"

እንግዳው ትንሽ ተጠራጠረ። "ይሆናል እንዴ?" አለ።

"ሜ፣ እስቲ ዝም በል! ማር ነው እንዴ የየጫካው ጣዕሙ የሚለይ? ሽንት ሽንት ነው። የጎደለው መጠኑ ነው፤ መጠኑን እንሞላለን" አሉና ጠርሙሱን ይዘው ወደ ቡናው ጀርባ ተሰወሩ። መሀመድ ሰዒድም ተራውን ጠብቆ ሄደ። ሲመለስ ጠርሙሱ መስመሩ ላይ ልክ ብሎ ቆሟል። መሀመድ ሰዒድ እንጨት ሲለካም እንዲሁ ነው፤ አያበዛም፣ አያሳንስም። ሦስቱም እየሳቁ ክዳኑን አጠበቁት፣ ጋሼ ቀጀላ "ዋቃ ይርዳህ" ብለው መረቁት፤ እንግዳውም ጠርሙሱን ጉያው ከቶ ሚኒባሱ ላይ ዘለለ። ከሦስት ሰዓት በፊት ኢብሴ እጅ ገባ።

በዓለም ላይ ስንት ሊቅ ይህን ጥናት ሲያቅድ ስለ በረዶው አስቧል፣ ስለ ጠርሙሱ አስቧል። የሁሩሙ ሰው ሽንት ያዋጣል ብሎ ያሰበ ግን አንድም አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ኢብሴ ስልክ ደወለች። "ጋሼ እንግዳው፣ ይምጡ" ብቻ አለችው። ድምፅዋ ሳቅ አልነበረውም። ገለኔ አብራው ሄደች።

"ውጤቱ መጥቷል" አለች ኢብሴ። "የካንሰር ምልክት አለበት።"

እንግዳው ወንበሩን ጨበጠ። ምንም ቀልድ አልመጣለትም።

"ግን አንድ ያልገባቸው ነገር አለ። የእርስዎ ዕጢ ምልክት ይታወቃል አላልኩዎትም? በቀለም እንናገር ካልን፣ የእርስዎ ግድግዳ ሰማያዊ ነበር። እዚህ ሽንት ውስጥ የተገኘው ቅርፊት ቢጫ ነው። ሰማያዊ ከነጭራሹ የለም። አዲስ ዕጢ አብቅሎም ሊሆን ይችላል። ግን ላቦራቶሪው የሚለው ሌላ ነገርም አለ፤ ይኼ የአንድ ሰው ሽንት አይመስልም ነው የሚሉት።" ዓይን ዓይኑን አየችው። "ጋሼ እንግዳው፣ ይኼ ሽንት የእርስዎ ነው?"

እንግዳው ወደ ገለኔ ዞረ። ገለኔ ወደ ጣሪያው አየች።

"የኔም… አለበት" አለ።

ሁሉንም ተናዘዘ። ኢብሴ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ሳቀች። "አዋጡልዎት? ሽንት? በእድር?" እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ገለኔም ሳቀች። እንግዳውም ሊስቅ ጀመረ። ከዚያ ግን ኢብሴ ድንገት ቀና አለች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ሳቁን እንተወው" አለች። "ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ካንሰር ሊኖርበት ይችላል። ማነው?"



እንግዳው የዚያን ዕለት የራሱን፣ በእውነት የራሱን፣ ሰጠ። መሀመድ ሰዒድም ሰማና በሞተር ሳይክሉ በማግስቱ መጥቶ ሰጠ። ኢብሴ ለላቦራቶሪው ነገሩን አስረድታ በልዩ መኪና አስላከችው። በሁለት ሳምንት ሁለቱም ንጹሕ ናቸው የሚል መልስ መጣ። የቀሩት ጋሼ ቀጀላ ብቻ ናቸው።

ጋሼ ቀጀላ ግን እንኳን ሽንታቸው፣ እሳቸው ራሳቸውም ሊገኙ አልቻሉም። እንግዳው ሲደውል ገበያ ናቸው። ገለኔ ስትደውል ጫካ ቀፎ እየቆረጡ ነው። ሁሩሙ ድረስ ሲሄዱባቸው ኡካ ድረስ ለቅሶ ሄደዋል። አንድ ጊዜ እንግዳው መንገድ ላይ አግኝቷቸው ነገሩን ቢያነሳ፣ ፊታቸው ቀላ።

"እኔ ያዋጣሁት ልረዳህ ብዬ ነው" አሉ። "በሰው ላይ ደግ ሠርቶ 'ደግነትህ በሽታ አለበት' ይባላል? ደግሞስ ይኼ ወሬ ገበያ ቢወጣ፣ ሽንቱ የታመመ ሰው የሸጠውን ማር ማን ይበላል? ተወኝ እንግዳው።"

ገለኔ አንድ እሑድ ሄዳ ለመነቻቸው፤ አልቅሳ ተመለሰች። "ወንድሜ በሬ ነው" አለች። "ሲጎትቱት ይቆማል።"

እንግዳው ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ያ ሁሉ የቱቦ ወሬ ትዝ አለው። ሰርግ ላይ፣ ሠልስት ላይ፣ ቱቦውን በየጊዜው አንድ ክንድ እየጨመረበት ሲያወራ፣ ጋሼ ቀጀላ ጉልበታቸውን ገጥመው ሲስቁ ትዝ አለው። ምናልባት ያን ጊዜም ደም እያዩ ነበር። "እኔ ነኝ ያስፈራኋቸው" አላት ለገለኔ። "ሰውየው እየታመሙ እኔ አስቃቸው ነበር።" ገለኔም አጠገቡ ተቀመጠች።

መላው የመጣለት በማግስቱ፣ በሥራ ላይ ሳለ ነው። በዚህ አገር ዳዶ የሚባል ነገር አለ፤ ሰሜኑ ወንፈል የሚለው። ዛሬ አንተ መጥተህ የኔን ቡና ታርማለህ፣ ነገ እኔ መጥቼ ያንተን አርማለሁ። ሥራ ሰጥቶ ብድሩን አልቀበልም ማለት ግን አይቻልም፤ ሰውየውን ከሰው ቁጥር እንደማውጣት ነው። ዳዶ ሊመልስ በር ላይ የመጣን ሰው ካባረረ ጋር በዚያ ቀበሌ ማንም አብሮ አይሠራም። ይህን ሕግ ከሁሉም በላይ አጥብቀው የሚያስከብሩት ደግሞ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ቀጀላ ናቸው።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል እንግዳውና መሀመድ ሰዒድ በሞተር ሳይክሉ ሁሩሙ ገቡ። የቡና ማረሚያ ገጀራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጋሼ ቀጀላ በር ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ጋሼ ቀጀላ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ቡናው ጀርባ ሊሄዱ ወጡ። ሁለቱን ሲያዩ ቆሙ።

"ምንድነው በማለዳ?"

"ዳዶ ልንመልስ መጣን ጋሼ" አለ እንግዳው።

"የምን ዳዶ? እኔ ለእናንተ የሠራሁት ሥራ የለም።"

"አለ እንጂ። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ሥራ ጎድሎብኝ ሞልተውልኛል። መሀመድ ምስክር ነው፤ እሱም አብሮ ሠርቷል።"

"ያ ሥራ ነው እንዴ?"

"ሥራ ካልሆነ ምጽዋት ነው። እኔ ደግሞ ምጽዋት አልቀበልም፤ የእድር አባል ነኝ" አለና ከኪሱ አዲስ ጠርሙስ አውጥቶ ግንዱ ላይ አቆመ። "ብድሬን ይቀበሉኝ፤ እርስዎ ይሙሉት፣ እኔ ሆስፒታል አደርሰዋለሁ። አልቀበልም ካሉም አዳራሹ በር ላይ ሄጄ ቆሜ፣ ጋሼ ቀጀላ ዳዶዬን መለሱብኝ ብዬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

ጋሼ ቀጀላ ጠርሙሱን አዩት። መሀመድ ሰዒድን አዩት፤ እሱ ገጀራውን በጣቱ ይሞክር ነበር። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ቀስ ብለው ግንዱ ላይ፣ በሁለቱ መካከል፣ ተቀመጡ።

"ከጥቅምት ጀምሮ ነው" አሉ። "መጀመሪያ ቀይ ሥር በልቼ ነው አልኩ። ቀጥሎ ቀይ ሥር ባልበላሁበት ቀንም መጣ። በርበሬ ነው አልኩ።"

"እኔ ቀለም ነው ብያለሁ" አለ እንግዳው። "ስድስት ወር።"

"ለሚስቴም አልነገርኩም።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እንግዳው፣ እውነቱን ንገረኝ። ያ ቱቦ…"

እንግዳው ገጀራውን መሬት ላይ አኖረ። "ዋሸሁ ጋሼ" አለ። "ለሳቅ ብዬ አስረዘምኩት። እውነተኛው እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን ነው። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ቅባት ያደርጋሉ። ያቃጥላል፣ ያሳፍራል፤ ከቡና ወቀጣ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። የምቀልደው ስለምፈራው ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሼ ቀጀላ ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንግዳው የሚያለቅሱ መስሎት ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። እየሳቁ ነበር።

"የአትክልት ማጠጫ!" አሉ። "አምስት ወር ሙሉ የአትክልት ማጠጫ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፣ አንተ ዋሾ!" ጠርሙሱን አነሱና ወደ ቡናው ጀርባ ሄዱ። ሲመለሱ ከመስመሩ በላይ ሞልቷል።

"ሞልተውታል" አለ መሀመድ ሰዒድ።

"የኔን ማንም አይሞላልኝም" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ሆነ። ቢጫው ምልክት ተገኘ። ኢብሴ ምልክቱ ጥርጣሬ ብቻ እንደሆነ፣ የሚያረጋግጠው ካሜራው እንደሆነ ነገረቻቸውና ጅማ ላከቻቸው። እንግዳው አብሮ ሄደ፤ የራሱም የተላለፈ ቀጠሮ ነበርና በአንድ ቀን ተራ በተራ ገቡ። የእንግዳው ንጹሕ ሆነ፤ ሐኪሙም ቃሉን ጠብቆ ወደ ዓመት አራዘመለት። የጋሼ ቀጀላ ፊኛ ውስጥ ግን የቡና ፍሬ የምታህል ዕጢ ተገኘች። በሳምንቱ አወጧት። ወደ ሥጋው አልዘለቀችም ነበር። "አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ይህን አላወራዎትም ነበር" አላቸው ሐኪሙ፤ ፈገግ ብሎ አልነበረም ያለው።

ወጥተው አውቶቡስ ሲጠብቁ ጋሼ ቀጀላ አንድ ቃል አልተናገሩም። በደሌን እስኪያልፉም አልተናገሩም። እንግዳው ሁለት ጊዜ ቀልድ ሞክሮ ሁለቴም መሬት ወደቀበት። ሰውየው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ፤ አንዳንዴ ብቻ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እንደሚቆጥር ሰው።

በወሩ መጨረሻ እድሩ በአዲሱ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። የእንግዳው ጽሑፍ ከበላይ፣ የመሀመድ ሰዒድ በሮች በግራ በቀኝ። መቶ የሚሆን ሰው ነበር። ጋሼ ቀጀላ የመዝገብ ጸሐፊውን አስቀድመው ያናግራሉ ሲባል፣ እሳቸው ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ሽንቴ ደም ነበረው" አሉ። "ዕጢ ነው፤ ካንሰር ነው። ወጥቶልኛል። እነሆ ቆሜአለሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ ዞር ብለው ሲያዩት አቆመ። አንዲት ሴት "ዋቃዮ!" አለች። እንግዳው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ የሚሆነውን ለማየት እየፈራ ቆሞ ነበር። ማሩን አሰበ፣ ገበያውን አሰበ።

"አምስት ወር ደብቄው ነበር" አሉ ጋሼ ቀጀላ። "አፍሬ። እኔ! የማንንም ጎደሎ አላልፍም የምለው ሰውዬ። ከጅማ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ስቆጥር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሰብሳቢ ሆኜ፣ በእጄ አፈር ያለበስኳቸውን ሰዎች። ሆዱን አመመው አልን፣ ወገቡን ያዘው አልን፣ ከስቶ ሞተ አልን። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ አፍሮ እንደሞተ አላውቅም።"

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። 

"ከእንግዲህ የእድራችን ደንብ ይኼ ነው" አሉ ሲቀጥሉ። "ስንሞት ብቻ አንሰብሰብ። ደም ያየ ይናገር።"

 ጋሼ ቀጀላ ቆመው ጠበቁ። እንግዳው በልቡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መቁጠር ጀመረ፤ ሠላሳ ደረሰ፣ አርባ ደረሰ። ኖፓ በኩል ቡና ያላቸው፣ ስብሰባ ላይ ቃል የማይወጣቸው ቀነዓ የሚባሉ ሽማግሌ ከመካከለኛው ረድፍ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ዙሪያቸውን አላዩም። ጋሼ ቀጀላን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"እኔም አይቻለሁ" አሉ።

እንግዳው በሰው መካከል እያሳበረ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።